ነጭ ሳር በሚያዝያ፤ አባዬን ይዤ ልወርድ ነው፣ ምከሩኝ

ማሂ ዘጉለሌ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን ለማየት አርባ ምንጭ ልንወርድ ነው። እኔ፣ ባሌ፣ ሁለት ልጆች (አንዱ 9፣ አንዷ 6 ዓመት) እና አባዬ። እውነቱን ለመናገር የጉዞው ባለቤት አባዬ ነው። በ70ዎቹ መጀመሪያ አርባ ምንጭ አስተማሪ ነበር። ነጭ ሳር ነጭ ሳር ሲል ነው ያደግነው። ሴቻ (የከተማው ላይኛው ሰፈር) አፋፍ ላይ ቆሞ ሲያይ ከሐይቆቹ ማዶ ያለው ሜዳ የተዘረጋ ጋቢ ይመስል ነበር፣ ቆርኬውና የሜዳ አህያው በመንጋ ነበር ይላል። ዘንድሮ 74 ዓመቱን ደፈነ፣ ጉልበቱ እያስቸገረው ነው፣ ሳይብስበት ላሳየው ፈለግሁ።

አሁን ጥያቄዬ። ክረምት የሚገባው ሰኔ መጨረሻ ስለሆነ ሚያዝያ ደረቅ ነው ብለን ነው የያዝነው፣ ልክ ነን? መኪናችን ቪትዝ ናት፣ እስከ ሜዳው ትገባለች? ልጆቹ አንበሳ እናያለን ብለው ለጎረቤት ልጅ ሁሉ አውርተዋል፣ እውነት ይታያል? እና ጉልበት ለሚያመው ሰው መንገዱ እንዴት ነው? የሄዳችሁበት ብቻ መልሱልኝ፣ ጎግል ላይ ያለውን እኔም አንብቤዋለሁ።

ጎማ ነፊው

በቪትዝ?! እህቴ፣ ቪትዟን ሲቀላ፣ ታችኛው ከተማ፣ አቁሚያትና አርፋ ትጠብቅሽ። ገብታ ከወጣች እኔ ነኝ የምገዛሽ።

የሲቀላ ልጅ

ማሂ እንኳን ደህና መጣሽ። ተወልጄ ያደግሁት ፓርኩ በር ሥር ነው ማለት ይቻላል፣ አሁን እንግዳ ይዤ እገባለሁ። አንድ በአንድ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ወሩን። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እናንተ ዘንድ ዝናብ ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጋብ ይላል፣ እናንተ ጃንጥላ ይዛችሁ ስትሮጡ እኛ አቧራ እናራግፋለን። መስከረም ላይ እንደገና ይመጣና እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ዝናብ የሚያመጣው የአየር ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ በዓመት አንዴ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ አንዴ ወደ ደቡብ ይመለሳል። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፣ ስለዚህ ሲወጣም በላያችን ያልፋል፣ ሲመለስም ያልፋል። እናንተ ወደ ጫፉ ስለምትቀርቡ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰብሰብ ብሎ ይወርድባችኋል። የሚያዝያው እርጥበት ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው የሚነፍስልን። ስለዚህ ዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ብትመጡ በዝናቡ መሐል ነው የምትገቡት።

ሁለተኛ፣ ያን ጊዜ ሳሩ ነጭ አይደለም። አረንጓዴ ነው! ነጭ ሳር ነጭ የሚሆነው ደርቆ ሲገረጣ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ነፋስ ሲመታው ያ አባትሽ ያሉት ጋቢ ይሆናል። ለእሳቸው ብለሽ ከሆነ የምትመጪው ወሩን ቀይሪው።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና ከመጣችሁ ያጥራል፣ በሻሸመኔ ከሆነ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ከተማችን አስፋልት ነው፣ ቪትዝም ትመጣለች። አውሮፕላንም አለ፣ ለአባትሽ እሱን ብታስቢበት ጥሩ ነው። ችግሩ ከፓርኩ በር በኋላ ነው። መጀመሪያ ጫካው ነው፣ ጥላ፣ ሾላ፣ ጉሬዛ፣ ደስ ይላል። ከዚያ የእግዜር ድልድይ ላይ ትወጫለሽ። የእግዜር ድልድይ ሲባል ግንብ እንዳይመስልሽ፣ አባያንና ጫሞን የሚለይ የመሬት ሸንተረር ነው። ኮረኮንቹ ያ ነው። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው፣ የጎማ ጎን ይቀዳል። ከበሩ እስከ ሜዳው ሁለት ሰዓት ያህል በአንደኛ ማርሽ እየተንገጫገጭሽ ነው፣ ከፍ ያለ ፎር ዊል ያስፈልጋል። መመለሻውን ጨምሪበት። ለጉልበት አይመችም፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ግን ድልድዩ አናት ላይ አንዴ ከመኪና ወርደሽ ቆመሽ እይው። በግራሽ አባያ፣ ቀይ ቡናማ፣ እንደ ጠላ ድፍድፍ። በቀኝሽ ጫሞ፣ ሰማያዊ። አባያን የሚያቀላው ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ነው፣ ውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ አይዘቅጥም። ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን፣ አንዱ ሌላውን የማይመስል።

አንበሳውን ነገ እመልስልሻለሁ፣ እንግዳ መጣብኝ።

ሃርድቶፕ

የሲቀላው ልጅ ያለውን ሁሉ እደግፋለሁ፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ልጨምር። ከዓመታት በፊት ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ሾፌር ነበርኩ። ግንቦት ላይ ሁለት ፈረንጅ ይዤ ገባሁ። ቢሮው "መንገዱ ደርቋል፣ ጠይቀናል" አለኝ። ማንን እንደጠየቁ እግዜር ይወቀው። ድልድዩን አለፍን፣ ሜዳው ላይ ወጣን፣ ፀሐይ ነበር። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከአማሮ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና መጣ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ዘነበ። ሃያ ደቂቃ! አፈሩ ዋልካ ነው። ደረቅ ሲሆን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል፣ ሲርስ ሊጥ ነው። ጎማው ጥርሱ ሁሉ ተለብጦ ክብ የጭቃ ዳቦ ሆነ። ፎር ዊሉን ባስገባም ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀመረ፣ አጠፋሁት።

ክሪክ አወጣሁ። ክሪኩ ራሱ ሰመጠ! ድንጋይ ልፈልግ ወረድኩ። እዚያ ድልድይ ላይ ጎማዬን ሲበላ የዋለው ድንጋይ ሜዳው ላይ አንድ እንኳ የለም። ስኮርት ጎማውን አውርጄ ክሪኩን እሱ ላይ አቆምኩ። አብሮን የገባው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ሳቀ፣ ፈረንጆቹ ፎቶ አነሱ፣ እኔ ላቤ ጠብ ይላል። ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ የሜዳ አህዮች ቆመው ያዩናል፣ አንዱ ጆሮውን ወደ እኛ ቀስሮ ጭራውን እያወዛወዘ፣ ምናለ ነዳጅ ባትሞሉ የሚል ይመስላል።

ያዳኑን ሦስት የጉጂ ልጆች ናቸው። ከብት ሲጠብቁ ነበሩ። አንዱ ምንም ሳይናገር ሄዶ እሾሃማውን ቁጥቋጦ በገጀራ እየቆረጠ ተሸክሞ መጣ፣ ጎማው ሥር ጠቀጠቅነው፣ ገፉ፣ ወጣን። 12 ሰዓት ሆኖ ነበር። ልጁ እጁ በእሾህ ደምቶ ነበር፣ ውኃ አፈሰስኩለት፣ ብር ስሰጠው መጀመሪያ እምቢ አለ።

ስለዚህ እህቴ፣ ሚያዝያ ይቅር። ምንም ቢሆን ደግሞ ከመግባትሽ በፊት ራስሽ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ እንጂ የሰው ሰው አትመኚ።

ማሂ ዘጉለሌ

ውይ፣ ለካ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። በጣም አመሰግናለሁ። ለአባዬ ሳነብለት "እኛማ በበቅሎ ነበር" አለኝ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሃርድቶፕ የጻፈው ላይ ቆመ። "ምን ቁጥቋጦ? ሜዳው ላይ ቁጥቋጦ አልነበረም" አለኝ። ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። እውነት አልነበረም ወይስ ረስቶት ነው?

አደስ

አልረሱም። ልክ ናቸው። እኔ የተማርኩት ዕፀዋት ነው፣ ለመመረቂያ ጥናቴ ሁለት የበጋ ወራት ሜዳው ላይ ሣር ስቆጥር ከርሜያለሁ (አዎ፣ ሣር ይቆጠራል፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካሬ እየተዘረጋ፣ በዚያ ፀሐይ)። ትንሽ ረዘም ካለብኝ ይቅርታ።

ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፣ ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ውኃ ነው። ለፓርክ ትንሽ ነው። ሜዳው ደግሞ ከዚያች ትንሽ ላይ አንዷ ክፍል ናት። ያን ጊዜ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሣር ነበር። አሁን ከዳር እየገፋ የሚገባ እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ፣ አንዳንዱ ቦታ ሰው ለማለፍ ይቸገራል።

እንዴት መጣ? ሰው ሁሉ አንድ ጥፋተኛ ይፈልጋል፣ ግን ሥራው እንዲህ ነው። ሣርና ቁጥቋጦ ሁልጊዜ ይታገላሉ። ሣሩን የሚያግዘው እሳት ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ እሳት ይነሣል፣ ወይም እረኛው ለአዲስ ግጦሽ ይለኩሰዋል። እሳቱ ትንንሹን የቁጥቋጦ ችግኝ ይገድላል፣ ሣሩ ግን ሥሩ መሬት ውስጥ ስለሆነ በመጀመሪያው ዝናብ ይመለሳል። አሁን ሜዳው ላይ ከብት ሲበዛ ሣሩን በልቶ ያሳጥረዋል። የሚነድ ነገር ከሌለ እሳት አይሄድም። እሳት ካልሄደ ችግኙ ያድጋል። ከሰው ቁመት ካለፈ በኋላ እሳት ቢመጣም አይሞትም። በዚያ ላይ ከብቶቹ የቁጥቋጦውን ፍሬ ይወዱታል፣ በልተው ከእበታቸው ጋር ዘሩን ሜዳው መሐል ያወርዱታል። ማዳበሪያውም እዚያው ነው! እኔ ራሴ አንድ ደረቅ እበት ከፍቼ አራት ችግኝ ቆጥሬበታለሁ።

ታዲያ ከብቱን አስወጡ ትሉ ይሆናል። እሱም ቀላል አይደለም። ጉጂዎቹ ፓርክ ከመባሉ በፊት የሚያውቁት ግጦሽና ውኃ ነው፣ በበጋ ሌላ የት ይሂዱ? አፍሪካን ፓርክስ የሚባለው ድርጅት ለጥቂት ዓመታት ፓርኩን ለማስተዳደር ወስዶ በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለቆ ወጣ፣ አንዱ ትልቁ ምክንያት ይሄው ውስጡ ያለው የሰው ጉዳይ ነው። የኔ አስተያየት? ከብት ፈጽሞ አይግባ የሚለውም ሁሉም ይግባ የሚለውም ሣሩን አያድነውም። በወር ተከፋፍሎ፣ አንዱ ጥግ አርፎ፣ እሳትም በተራ ሳይፈሩ ለኩሰው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ይሄን ስል አንዳንዱ ጓደኛዬ ይቆጣል።

ቆርኬውን በተመለከተ ለአባትሽ ማርዳት ሊሆን ነው። የእኛ ቆርኬ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ንዑስ ዝርያ ነው። እሳቸው ካዩት ከፊሉ ከሰንቀሌ በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው፣ ፓርኩ ሲቋቋም አካባቢ። አሁን ነጭ ሳር ላይ አየዋለሁ ብሎ መሄድ አይገባም። ሣር የሚበላ፣ ሜዳ ገልጦ ማየት የሚወድ እንስሳ ነው፣ ቁጥቋጦ ሲመጣ ጅብ ከየት እንደሚመጣበት አያይም። ግን መፍትሔ አለ። በሻሸመኔ ከመጣችሁ አጄ ላይ ታጥፋችሁ ሰንቀሌ ግቡ። ትንሽ ጥብቅ ቦታ ናት፣ ቆርኬው ቅርብ ነው፣ ብዙ መንገጫገጭም የለም። ያ ቀይ ቆዳው፣ ያ ረጅም ያዘነ ፊቱ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታዩታላችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድረሱ።

ናይሮቢ ያለሁ

እኔ ደግሞ ቅሬታዬን ልናገር፣ አትቆጡ። ናይሮቢ ነው የምኖረው። ማሳይ ማራ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዱን ዓመት ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ ወንድሜን ይዤ ነጭ ሳር ሄድኩ፣ የአገሬን ላሳየው ብዬ። አንበሳ የለም፣ ዝሆን የለም፣ ቀጭኔ የለም። አራት ሰዓት ተንገጫግጬ የሜዳ አህያና የሜዳ ፍየል አየሁ። ማራ ላይ ያን ያህል ሰዓት ብትነጂ አንበሳው መኪናሽ ጥላ ሥር ይተኛል።

ስለ ወሩ ግን ልክ ናቸው። ማራም ሚያዝያና ግንቦት ጭቃ ነው፣ ከምድር ወገብ በታች ቢሆንም ያው ሁለት ዝናብ ነው ያለው። ሎጆቹ ያን ጊዜ ዋጋ የሚቀንሱት ወደው አይደለም።

የሲቀላ ልጅ

ናይሮቢ፣ አንቆጣም፣ ግን ፍርድህ ትክክል አይደለም። ማራ ብቻውን አይደለም፣ ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ጋር አጥር ሳይኖር የተያያዘ ነው፣ ከሚሊዮን በላይ እንስሳ ዝናብ እየተከተለ ይዞርበታል፣ አንበሳውም የሚበላው አያጣም። የእኛ ሜዳ በስተ ምዕራብ የጋሞ ደጋ፣ በስተ ምሥራቅ የአማሮ ተራራ፣ ሁለት በኩል ሐይቅ። እንስሳው ወዴት ይሂድ? ዝናብ ሲጠፋም ያው እዚያው ነው። ስለዚህ ማሂ፣ ለልጆቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው። አንበሳ አለ ይባላል፣ ሌሊት ሲያገሣ የሰሙ ስካውቶች አውቃለሁ፣ እንግዳ ይዤ ገብቼ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ዝሆንና ቀጭኔ የለም፣ በቃ።

ያለው ግን ጥሩ ነው። ስለ የሜዳ አህያው ልጆቹን ይሄን ጠይቂያቸው፣ ዥንጉርጉር የሆነው ለምንድን ነው? ከአንበሳ ለመደበቅ ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ግን ጠላቱ ዝንብ ነው የሚመስለው። ተመራማሪዎች ፈረስ የዥንጉርጉር ልብስ አልብሰው አይተዋል፣ ነካሽ ዝንቡ ልብሱ ያለበት ላይ ማረፍ ይቸግረዋል፣ ይመጣና ይስታል። ዝንቡ የእኛም ነገር ነው። ከጫካው እስከ ድልድዩ የገንዲ ዝንብ አለ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ ይወዳል፣ መኪና ውስጥ ከገባ በጃኬት ላይ ይናከሳል። ነጣ ያለ ልብስ አልብሻቸው። ወባም አለ፣ አጎበርና ቅባት አትርሺ፣ የልጆቹን ሐኪም አማክሪ።

ለአባትሽ ደግሞ ያሰብኩት አለ። ሜዳው ድረስ አይሂዱ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሴቻ አፋፍ ላይ ወንበር አስቀምጪላቸው፣ ቡና አፍይላቸው፣ ሁለቱ ሐይቅና ድልድዩ ከነሜዳው ማዶ ይታያል፣ ጭጋግ ከሌለ። ጥር ላይ ከሆነ ነጩን ያዩታል። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ጫሞ ላይ በጀልባ። ከመኪና ወርደው ጀልባ ላይ መውጣት ብቻ ነው፣ ልጆቹ ይደግፏቸዋል። ኩልፎ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ከሚገባበት አጠገብ አዞ ገበያ የምንለው ቦታ አለ። አዞው ፀሐይ ለመሞቅ ዳር ላይ ይወጣል፣ አፉን ከፍቶ ይተኛል። አፉን የሚከፍተው ሊበላ አይደለም፣ ሙቀቱን ለማስወጣት ነው። ጀልባው ሲጠጋ ዝም ይላል፣ ከዚያ ያን የሚያህል ግንድ ድምፅ ሳያሰማ ውኃው ውስጥ ይገባል። ጉማሬም አለ። እሱን ግን ባለ ጀልባውን ጠጋ በል አትበሉት፣ ከአዞው እሱ ይብሳል።

ክንፍ

የሜዳ አህያና አዞ ስትሉ ወፉን ረሳችሁት። እኔ ወፍ ተመልካች ነኝ፣ ይሄን ታሪክ የማያውቅ ሰው ነጭ ሳርን አያውቅም ባይ ነኝ። በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች ሜዳው ላይ መንገዱ መሐል መኪና የጨፈለቃት ወፍ አገኙ። አብዛኛው አካሏ በስብሶ ስለነበር ይዘው የሄዱት አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ክንፏ ከሚታወቅ ከየትኛውም ወፍ ጋር አልገጥም አለች። በ1995 ስም አወጡላት፣ በላቲን ትርጉሙ "ክንፍ ብቻ" ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ብዙ ዓመት ተከራክረውባታል፣ ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ወይስ የሁለት ዝርያ ዲቃላ እያሉ። ልብ በሉ፣ በሌሊት የምትበር መሬት ላይ የምትተኛ ወፍ ናት፣ የሌሊት ወፍ ብዬ ብጽፍ ያቺን ጣሪያ ሥር የምትንጠለጠለውን ታስባላችሁ፣ እሷ አይደለችም። ለዚህች ወፍ ጥሩ የአማርኛ ስም ያለው ካለ ይንገረኝ፣ ዓመታት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ልጆቹ በቀን የሚያዩት ደግሞ እርኩም አለላቸው፣ ሜዳው ላይ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ የሚመስል። አባትሽ ሲያዩት ይስቃሉ።

ጎማ ነፊው

ስለዚህ ቪትዟ ቀረች?

ማሂ ዘጉለሌ

ቀረች፣ ተደሰት። ወሩንም ቀየርነው። ጥር መጨረሻ፣ የልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ። ባሌና ልጆቹ በሰንቀሌ በኩል በመኪና ይመጣሉ፣ እኔና አባዬ በአውሮፕላን። ፎር ዊል እዚያው እንከራያለን፣ ልጆቹ ሜዳው ድረስ ይገባሉ፣ አባዬ ሴቻ ይቀመጣል ብለን ጨርሰን ነበር፣ እሱ ግን "ድልድዩ ድረስ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እናንተ ሂዱ" አለ። የእሱን ነገር ታውቃላችሁ፣ አይ አይባልም።

ለአደስ፣ ስለ ቆርኬው አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ አለኝ። ምንጮቹ አጠገብ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር፣ ሥሩ ላይ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ያርም ነበር፣ ጉሬዛ ከላይ ፍሬ ይጥልበት ነበር፣ አንዴ ቀይ እስክሪብቶውን ዝንጀሮ ወስዶበታል። ሾላው አለ?

የሲቀላ ልጅ

ምንጮቹ አጠገብ ያለው ሾላ ብዙ ነው፣ የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም። ከእሳቸው ዘመን ጀምሮ ብዙ እንጨት ወጥቷል፣ እስከ አሁንም ጠዋት ጠዋት እናቶች በጀርባቸው ጭነው ሲወጡ ታያለሽ፣ ትልልቆቹ ሾላዎች ግን ብዙዎቹ ቆመዋል። የከተማው የመጠጥ ውኃ ከዚያ ሥር ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ሰውም ይሳሳላቸዋል። ይምጡና እሳቸው ይለዩት፣ ወንበር እኔ ይዤ እገባለሁ፣ ከበሩ ሩቅ አይደለም።

ጥር ላይ ሙቀቱ ቀን ቀን 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ ውኃ በጀሪካን ያዙ እንጂ በትንሽ ኮዳ አትምጡ። ሳምቡሳና ሙዝ ግን በፌስታል አንጠልጥላችሁ እንዳትወርዱ። እስክሪብቶ የወሰደው ዝንጀሮ የልጅ ልጆቹ በር ላይ ናቸው።